ለአርባ ግራር ቃለ ጉባኤ የቀረበ እርማት

በ2078 ዓ.ም. የአርባ ግራር ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰባት ግቦች ነበሩት። ስድስቱ ሙሉ በሙሉ ተሳክተዋል። ሰባተኛው በግንቦት ወር ቀይ ሆነ፤ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚያ ቀይ መብራት ነው። ስለ ሰኔ ስድስቱ የወላጆች ጉባኤ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ መዝገብ ቤት ውስጥ ይገኛል። ትክክል አይደለም። ይህ እርማቱ ነው።

ኢዮስያስ መኩሪያ እባላለሁ። በጽሕፈት ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊና መድረክ አስተዋዋቂ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰዎች "መድረክ ማስተዋወቅ ደግሞ ምን ሥራ ነው?" ይላሉ። ሥራ ነው። ስብሰባ እከፍታለሁ፣ እንግዳ አስተዋውቃለሁ፣ የተባለውን እጽፋለሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭብጨባ አስጀምራለሁ። ጭብጨባ ያለ አስጀማሪ አይነሳም። አንዱ ሌላውን ሲያይ ጊዜው ያልፍና ተናጋሪው አቀርቅሮ ይወርዳል። እኔ ባለሁበት አዳራሽ ማንም አቀርቅሮ ወርዶ አያውቅም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ቅዳሴ ስንሄድ "አደራህን ካህኑ ሲጨርሱ እንዳታጨበጭብ" ትለኝ ነበር።

ወረዳውን የሚመራው ዕቅዱ ነው። ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ማሽን ነው፤ ግን እንደ ሰው ይናገራል፤ አነጋገሩም የአገራችን ሰው አነጋገር ነው። ሽማግሌ አንቱ ይላል። ቢሮ ውስጥ ያስነጠሰ ካለ "ይማርዎት" ይላል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም፤ ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምንለምነው ነገር ይኖር ነበር።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከባንዲራው አጠገብ፣ የግብ ሰሌዳው ቆሟል። ሰባት መብራት አለው። "ትምህርት ማቋረጥን ዜሮ ማድረስ" አረንጓዴ ነው። "የተማሪና የመምህር ጥምርታ" አረንጓዴ ነው፤ ሦስት መምህራንና አሥራ ዘጠኝ ልጆች ይዘን እንዴት አረንጓዴ አይሆን። "የመጸዳጃ ቤት ሽፋን" አረንጓዴ ነው፤ ለአንድ ልጅ አንድ ክፍል ደርሶት ይተርፋል። እኔ እዚሁ ስማር አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነን፣ በፈረቃ ነበር፤ ሽንት ቤት ለመግባት ደግሞ ሰልፉ እስከ በሩ ይደርስ ነበር። ያኔ የተሳካ ግብ አልነበረንም።

ሰው የሄደው ቀስ በቀስ ነው። ጤፍና በቆሎ ይዘራበት የነበረው መሬት በፀሐይ መስታወት ተሸፈነ፤ ማሳው አሁን የሚያበቅለው መብራት ነው፤ መብራቱንም የሚበሉት ከተሞች ናቸው። የቀረነው መስታወት የምንወለውለው ሰዎች ነን። ስማችን እንኳ ዕድሜያችንን ያሳብቃል፤ ኢዮስያስና ሶሊያና ብሎ መጠራት ዛሬ የሽማግሌና የአሮጊት ስም ነው። ልጆቹ ትርንጎና ደምሳሽ ይባላሉ።

ትርንጎ የልጅ ልጄ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ሦስተኛ ክፍል ማለትም እሷ ብቻ ናት።

የትምህርት ቤቱ ደወል ለስምንት ክፍሎች ስምንት ጊዜ ይደውላል። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ያሉት ክፍሎች ባዶ ከሆኑ ሃያ ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ በሮቻቸው ግን በሰዓቱ ይከፈታሉ፣ በሰዓቱ ይዘጋሉ። ማታ ማታ የጽዳት ማሽኑ ገብቶ ማንም ያልጻፈበትን ሰሌዳ ያጠፋል። ሦስተኛ ክፍል ሲገባ ግን የሚያጠፋው ነገር ያገኛል። ትርንጎ የክፍል አለቃ ናትና መምህሯ ሲወጡ ሰሌዳው ላይ "የሚረብሹ" ብላ ትጽፋለች፤ ልክ እንደኛ ዘመን አለቆች። ከሥሩ የራሷን ስም ትጽፋለች።

"ሌላ ማንን ልጻፍ አባባ?" አለችኝ አንድ ቀን ስጠይቃት። "ደግሞ እረብሻለሁ። እዘፍናለሁ።"

የእሷ እናት ልጄ ሔርሜላ ናት። ሔርሜላ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ወደ ማዕከሉ፣ ዕቅዱ የየወረዳውን ልጆች ሰብስቦ ወደሚያስተምርበት ሩቅ ትምህርት ቤት፣ ሄደች። ያኔ ወደዚያ የሚዛወሩት ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ያሉት ብቻ ነበሩ፤ መንገዱ አሥር ሰዓት ይፈጃል፤ አዳሪ ነው፤ ምግቡ ጥሩ ነው፤ የሚያልፉት ልጆች ቁጥር መቶ በመቶ ነው። እኔ ራሴ በሽኝቱ ላይ ጭብጨባ አስጀምሬ ሸኘኋት። በመጀመሪያው ክረምት ስትመለስ በር ላይ ቆማ "እንደምን ዋሉ?" አለችኝ። አባቷን። ገብታ ተቀመጠች፤ ቆይታም "ውሃ መጠጣት ይፈቀዳል?" ብላ ጠየቀች። እንስራው አጠገቧ ነበር። ሔርሜላ ክፉ ልጅ አልሆነችም፤ በየወሩ ትደውላለች፤ ጤንነቴን በቅደም ተከተል ትጠይቀኛለች። ትርንጎን ስትወልድ ሥራዋ ሕፃን ለማሳደግ እንደማይመች አስረዳችኝና በስድስት ወሯ ላከችልኝ። ሕፃኗን ከተሽከርካሪው ተቀብዬ ሳቅፋት ጣቴን በያዘችኝ ጊዜ፣ ይህቺኛዋን ማንም አይወስዳትም አልኩ። ለማን እንደተናገርኩት አላውቅም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሶሊያና በየነ ናት። አብረን ነው የተማርነው፤ ከአራቱ የዴስክ ተጋሪዎች አንዷ እሷ ነበረች፤ ስለዚህ በሰው ፊት ወይዘሮ እላታለሁ እንጂ ለብቻችን አንቺ ነው። ዕቅዱ ሁሉን ከያዘ ወዲህ ለኃላፊ የቀረላት ሥራ ግብ ማንበብና መፈረም ነበር። እሷ ግን በዚህ አልረካችም። ከስድስት ዓመት በፊት ስምንተኛ ግብ ጽፋ አስገባች፦ "ልጆች ከቤታቸው ተነስተው ይማሩ፣ ወደ ቤታቸው ይግቡ።"

ዕቅዱ በትሕትና መለሰላት። "ወይዘሮ ሶሊያና፣ ሐሳቡ መልካም ነው። መለኪያ ግን የለውም።"

መለኪያ ፈለገችለት። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት፣ ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ፣ በልጆቹ መሃል እየዞረች አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ "ዛሬ ፀጉርሽን ማን አበጠረሽ? አንተንስ?" ልጆቹ ይመልሳሉ። እናቴ። እህቴ። ራሴ። እሷ ትጽፋለች። ትርንጎ ሁልጊዜ "አባባ!" ብላ ትጮኻለች፤ ሶሊያናም የፀጉሯን መስመር አይታ "አዎ፣ ያስታውቃል" ትላለች፤ ልጆቹም ይስቁብኛል። መስመሩ ቀጥ ብሎልኝ አያውቅም። የስድስት ዓመት መዝገብ ሞልታ ላከች። ዕቅዱ አመሰገናትና፣ ሌሎች ወረዳዎች ይህን መረጃ ስለማይሰበስቡ ለማነጻጸር እንደማይቻል ገለጸ። ስምንተኛ መብራት በሰሌዳው ላይ አልወጣም። እሷ መጠየቋን አልተወችም።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሰባተኛው መብራት ቀይ ሆኖ አገኘነው። ሰባተኛው "የሀብት አጠቃቀም ብቃት" ነው። ሁለታችንም ሰሌዳው ሥር ቆምን።

"ኢዮሲ፣ ዝቅተኛው ቁጥር ሃያ ልጅ ነው" አለች። "የነያፌት ቤተሰብ በፋሲካ ማግስት ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ አሥራ ዘጠኝ ቀረን።"

"አንድ ልጅ ብቻ ነው የጎደለን?"

"አንድ ልጅ። እንደ ወንበር ከጎረቤት ወረዳ አትዋሰው ነገር።"

ቢሮ ስንገባ ዕቅዱ እንደምን አደራችሁ አለን። ከዚያ አሥራ ዘጠኙን ልጆች ወደ ማዕከሉ ማዛወር እንደሚመከር፣ ዕድሜያቸው ከአሥራ ሁለት በታች ስለሆነ ግን የወላጆች ጉባኤ ማጽደቅ እንዳለበት ነገረን።

"ጉባኤው ካላጸደቀስ?" አለች ሶሊያና።

"ትምህርት ቤቱ አንድ ዓመት ይቆያል። ግቡ ቀይ ሆኖ ይቀጥላል።"

"ቀይ ይሁና!"

"ይመዘገባል" አለ ዕቅዱ።

አንድ ዓመት ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል። አንድ ዓመት ማለት ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ጠዋት ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሊመለስ፣ አንድ ልጅ ለትምህርት ሊደርስ ይችላል። የኤዶም ትንሿ ልጅ ለሚቀጥለው መስከረም ሰባት ዓመት ይሞላታል። እሷ ስትገባ ሃያ ይሞላል። የሚያስፈልገን ያችን አንዲት ዓመት ማለፍ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ትርንጎን በር ላይ ቆማ "እንደምን ዋሉ" ስትለኝ እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ።

ሶሊያና ጡረታ ልትወጣ አንድ ወር ቀርቷት ነበር፤ የሰኔው ጉባኤ የመጨረሻዋ ነው። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በእግሯ ያልረገጠችው ቤት የለም። በመስታወቶቹ መሃል ባሉት ቀጭን መንገዶች እየሄደች፣ የሚወለውሉትን ሰዎች እያስቆመች፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ ነገረችው። አዳራሹ ራሱ ይሰማል፣ ራሱ ያያል፤ እጅ የሚቆጥር ሰው ከቀረ ቆይቷል፤ ዕቅዱ የሚመዘግበው የእሺታ ምልክትን ብቻ ነው፤ እሺታ ካጣ አልጸደቀም ማለት ነው። ስለዚህ የሚጠበቅባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝምታ።

የኤዶም ቤት ስንሄድ አብሬያት ነበርኩ። ኤዶም ሦስት ልጆቿን ትምህርት ቤቱ የምትልክ፣ አንደበቷ የማይታሰር ሴት ናት።

"እጅ አታውጪ" አለቻት ሶሊያና። "እሺ አትበይ። ራስሽን አትነቅንቂ።"

ኤዶም ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ "እህ" አለች፤ አዎ ማለቷ ነው።

"እሱንም! እሱንም አይደለም ወይ የምልሽ! ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳብም አዎ ነው።"

"ወይ ጣጣ! መተንፈስም ተከለከለ?"

"ግቦቹን አንብቤ ከመድረኩ እስክወርድ ድረስ ብቻ። የምላሹ ጊዜ የሚዘጋው መድረኩን ስለቅ ነው። ከዚያ በኋላ ብትፈልጊ እልል በይ።"

ሁሉም ቤት ውስጥ ተለማመድን። ሶሊያና ታነባለች፣ እነሱ ዝም ይላሉ። አንዱ አባት ራሱን የመነቅነቅ ልማድ ስላለበት አገጩን በሁለት እጁ ደግፎ መቀመጥን ተማረ። እንዲህ አድርገን ሁሉንም ዘጋን። ስለ ጭብጨባ ማንም አላነሳም። እንዲህ ያለ ነገር ሲነበብ ማን ያጨበጭባል?

ሰኔ ስድስት ረፋድ ላይ ሃያ ስድስት ወላጆች መጡ። ልጆቹም መጡ፤ ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ሶሊያና ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ከመጀመሯ በፊት ወደ ልጆቹ ጎንበስ አለች።

"የክፍል አለቃ ማነው?"

"እኔ!" አለች ትርንጎ ብድግ ብላ።

"ወረቀትና እርሳስ ያዢ። ዛሬ የሚረብሽ ካለ ጻፊልኝ።"

"ትልቅ ሰው ቢሆንም?"

"ትልቅ ሰው ቢሆንም።"

ወላጆቹ ፈገግ አሉ፤ ድምፅ ግን አላሰሙም። ትርንጎ ጉልበቷ ላይ ወረቀቷን ዘርግታ፣ ከላይ "የሚረብሹ" ብላ ጽፋ፣ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ሰውን በዓይኗ ትቆጣጠር ጀመር። እኔ እንደ ልማዴ መድረኩ አጠገብ በቆመችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ቃለ ጉባኤዬን ከፈትኩ።

ሶሊያና አንደኛውን ግብ አነበበች። ዝም። ሁለተኛውን። ዝም። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ዓይነት ስብሰባ አይቻለሁ፤ የሚያንቀላፋ፣ የሚጯጯህ፣ ምሳ የሚጠብቅ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን አላየሁም። ሰዎቹ እጃቸውን ጭናቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። ኤዶም ከንፈሯን በጥርሷ ይዛለች። ያ አባት አገጩን ደግፏል። ከውጭ የባዶዎቹ ክፍሎች በሮች በሰዓቱ ሲከፈቱ ይሰማ ነበር።

ሰባተኛውን አነበበች። "አሥራ ዘጠኙን ተማሪዎች ወደ ማዕከሉ በማዛወር የሀብት አጠቃቀም ብቃትን ማሳደግ።" ወረቀቱን አጥፋ ጠበቀች። ማንም አልተነፈሰም። የትርንጎ ወረቀት ላይ ምንም ስም አልነበረም።

አበቃ አልኩ በልቤ። አሸነፍን። ብዕሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ሶሊያና ልትወርድ ይገባት ነበር። ግን ሠላሳ አራት ዓመት የቆመችበት መድረክ ነው፤ ዝም ብሎ መውረድ አልሆነላትም።

"አንድ ነገር ልበል" አለች። "ሠላሳ አራት ዓመት እፊታችሁ ቆሜ ግብ አነበብኩ። ያነበብኩትን ሁሉ አምኜበት አይደለም። ያመንኩበትን ደግሞ ሰሌዳው ላይ ማውጣት አልቻልኩም። ልጆቻችሁን ግን በየስማቸው አውቃቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ማን እንዳበጠራቸው አውቃለሁ። ያጠፋሁት ካለ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ።"

እጅ ነሳች። ዞራ መውረድ ጀመረች። መድረኩ ሦስት ደረጃ አለው። ሁለተኛው ላይ ነበረች።

አጨበጨብኩ።

አስቤ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው እጅ ነስቶ ሲዞር ይህ እጅ ይነሳል። ዛሬ ደግሞ ሶሊያና ናት፤ የዴስክ ጓደኛዬ ናት፤ እንዴት አቀርቅራ ትውረድ? ሁለት ጊዜ እጄን እስካጋጭ አዳራሹ ሁሉ ተከተለኝ። ጭናቸው ሥር የታፈኑት እጆች ሁሉ ወጡ። ሰው ተነሳ፤ ኤዶም እያለቀሰች ታጨበጭባለች፤ ያ አባት አገጩን ለቆ ያጨበጭባል። በዕድሜዬ ያስጀመርኩት ትልቁ ጭብጨባ እሱ ነበር።

ከሁላችን በፊት የገባው ለሶሊያና ነው። ደረጃው ላይ እንደቆመች ፊቷ አመድ መሰለ። ሁለት እጇን ዘርግታ "ተዉ! ተዉ! ስለ ማርያም ተዉ!" አለች። እኛ ትሕትናዋ መሰለን። ሲያከብሩት "ተዉ" የማይል ማን አለ? ባለች ቁጥር አብዝተን አጨበጨብን። ሮጣ የመጨረሻውን ደረጃ ወረደች፤ መሬት ስትረግጥ በሁለት እጇ እጠረጴዛዬ ላይ ተደገፈች።

ከዚያ ዕቅዱ ተናገረ። ድምፁ ሞቅ ያለ ነበር፤ ደስ ያለው ይመስላል።

"የአርባ ግራር ወረዳ ወላጆች የቀረቡትን ሰባቱንም ግቦች በሞቀ ጭብጨባ አጽድቀዋል። እናመሰግናለን።"

ጭብጨባው ቀስ እያለ ሞተ። አንድ ሁለት ሰው ከኋላ ገና ያጨበጭብ ነበር፤ ጎረቤቱ እጁን ያዘው።

"ለእሷ ነው ያጨበጨብነው!" አለች ኤዶም ጮኻ። "ለእሷ ነው እንጂ ለአንተ ግብ ነው እንዴ? ልጆቻችንን ውሰዱ ብለን ነው እንዴ?"

"ይገባኛል ወይዘሮ ኤዶም" አለ ዕቅዱ። "ይሁን እንጂ ከ2047 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ጽሕፈት ቤት በተያዙት ቃለ ጉባኤዎች መሠረት፣ ለመሪዋ ንግግር የተሰጠ ጭብጨባ ለቀረበው አጀንዳ የተሰጠ ይሁንታ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ጉባኤዎች በዚህ መንገድ ጸድቀዋል። ላንብብላችሁ?"

ማንም አንብብ አላለውም፤ እሱ ግን አነበበ። "አጀንዳው ቀርቦ በሞቀ ጭብጨባ ጸደቀ። ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ኢዮስያስ መኩሪያ።" ቀኑን ለውጦ ደግሞ አነበበ። "በሞቀ ጭብጨባ ጸደቀ። ኢዮስያስ መኩሪያ።" እውነት ነው፤ የኔ ቃል ነው። እጅ መቁጠር አሰልቺ ስለነበር፣ ሰውም ቶሎ መሄድ ስለሚፈልግ፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ብዬ እጽፍ ነበር። የዚህ ወረዳ ሰው ሲስማማ እንዴት እንደሚሆን ዕቅዱ የተማረው ከኔ ነው።

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ማንም የሰደበኝ የለም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ትርንጎ ጉልበቷ ላይ አቀርቅራ ትጽፍ ነበር፤ ከዚያ እርሳሷን በላጲሱ በኩል ገልብጣ ማጥፋት ጀመረች፤ ስትጨርስ ደግሞ ጻፈች። ወረቀቷን አጥፋ የደንብ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ወረቀቱን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ያን ዕለት ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ እጄ ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቃላችሁ።

ሶሊያና ሁለት ጊዜ ይግባኝ አለች። ሁለቱም በአንድ ቀን ውስጥ ውድቅ ሆነው በትሕትና ተመለሱላት። ወላጆች ፊርማ አሰባሰቡ፤ ፊርማው ከጸደቀ ውሳኔ በኋላ የመጣ በመሆኑ ለሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ እንዲቀርብ ተቀጠረ። በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ የሚያደርግ ወላጅ አይኖርም። አንድ ቀን እቤቷ ሄጄ ደጃፏ ላይ ቆምኩ፤ ይቅርታ ለማለት ነበር።

"ግባ እንጂ" አለችኝ። "እኔ ብወርድ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ንግግር አማረኝ።"

"እኔ ነኝ ያጨበጨብኩት።"

"ልማድ ነው ኢዮሲ።"

ልማድ ነው ማለቷ ሊያጽናናኝ ነበር። አላጽናናኝም፤ ልማዱ የኔ ነውና።

ተሽከርካሪው ሰኔ አሥራ ሰባት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ሾፌር የለውም፤ ድምፅም የለውም፤ በሩ ሲከፈት የታጠበ ጨርቅ ይሸታል። በዚያን ዕለት ትርንጎን ሳበጥራት ረጅም ጊዜ ወሰድኩ። መስመሩን ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት።

"አባባ፣ እዚያ ማን ያበጥረኛል?" አለችኝ።

"እዚያ... የሚያበጥር አይጠፋም።"

"ፀጉር ይቆርጣሉ ብላለች ኤዶም።"

"ኤዶም ወሬ ታበዛለች።"

"ከቆረጡት ግን ሲያድግ አንተ ታበጥረዋለህ አይደል?"

አዎ አልኳት። ያን ቀን መስመሩ ቀጥ አለልኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሶሊያና ጡረታ ብትወጣም መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ጠየቀቻቸው። አንተን ማን አበጠረህ? አንቺንስ? እናቴ። እናቴ። አባቴ። ዛሬ "ራሴ" ያለ ልጅ አልነበረም። ትርንጎ እንደ ወትሮው "አባባ!" ብላ ጮኸች። ሶሊያና ፀጉሯን አየች፤ ልትቀልድ አፏን ከፍታ ተወችው። የምትጽፍበት መዝገብ አልያዘችም ነበር። በሩ ተዘጋ። ማንም አላጨበጨበም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባቱም መብራቶች አረንጓዴ ናቸው። ደወሉ አሁንም ስምንት ጊዜ ይደውላል። እኔ ቢሮ እገባለሁ፤ ዕቅዱ እንደምን አደሩ ይለኛል፤ ወረዳው በአገር አቀፍ ደረጃ ከመጀመሪያዎቹ አሥር አንዱ እንደሆነ ነግሮኛል። ሽልማቱ ሲመጣ መድረክ እንዳስተዋውቅ ተመድቤያለሁ። አልሄድም።

በሐምሌ መጨረሻ ትርንጎ ደወለች። መልኳ ደህና ነው፤ ፊቷ ሞልቷል። ፀጉሯ አጭር ነው።

"እንደምን ዋሉ አባባ?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ የኔ እናት። አንቺ?"

"ደህና ነኝ። ጤናዎት እንዴት ነው? እንቅልፍዎትስ?"

"ትዘፍኛለሽ?" አልኳት።

"መዝፈን ሰዓት አለው" አለች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የማደርገው ሳጣ አሮጌውን የደንብ ልብሷን ላጥበው አወጣሁት፤ ማዕከሉ አዲስ ስለሚሰጥ ትታው ነው የሄደችው። ኪሱ ውስጥ ወረቀቱን አገኘሁት። ከላይ "የሚረብሹ" ይላል። ከሥሩ አንድ ስም ተጽፎ ጠፍቷል፤ በጣም ስለተፈገፈገ ወረቀቱ ሳስቷል። ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩና በብርሃኑ አነበብኩት። አባባ ኢዮስያስ። በዚያው ላይ፣ በወፍራሙ፣ እርሳሱን ተጭና፣ ሌላ ስም ጽፋለች። ትርንጎ።

እዚያው መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ልብሱን ሳላጥበው መሸ።

ስለዚህ በሰኔ 6 ቀን 2078 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤ ላይ "በሞቀ ጭብጨባ ጸደቀ" የሚለው ተሰርዞ በሚከተለው እንዲተካ አመለክታለሁ፤ ወረቀቱም ከዚህ ጋር ተያይዟል። ሃያ ስድስት ወላጆች ሰባተኛው ግብ ሲነበብላቸው ዝም ብለው ነበር። የረበሸው አንድ ሰው ነው። ስሙ ኢዮስያስ መኩሪያ ይባላል። ትርንጎ አልረበሸችም።